ትምህርቱ ነፃ ነው፣ ቪዛው ግን ገንዘብ አሳዪ ይላል

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ግብርና ኮሌጅ በእፅዋት ሳይንስ በ2014 ዓ.ም. ተመርቄያለሁ። አሁን አጋሮ አካባቢ በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት እሠራለሁ። ማስተርሴን ውጭ አገር መማር እፈልጋለሁ። ቤተሰቤ ቡና አምራች ነው፤ ያን ያህል ገንዘብ የለንም። ጅማ ፈረንጅ አራዳ ያለ አንድ ኤጀንሲ በ250 ሺህ ብር የቆጵሮስ የተማሪ ቪዛ በዋስትና አስመታልሻለሁ ብሎኛል። አባቴ አጋሮ ያለችንን ቤት ሊሸጥ ተዘጋጅቷል። ጀርመን ያለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ‹እዚህ ትምህርት ነፃ ነው፣ ምን ያስቸግርሻል› ይለኛል። የቱ ይሻለኛል? ሥራዬንስ ከአሁኑ ልልቀቅ?»

እህቴ፣ ሌላውን ከማንበብሽ በፊት አባትሽ ቤቱን እንዳይሸጡ ንገሪያቸው። ቤት ሸጦ ልጅ መላክ የሚያዋጣበት ጊዜ ሊኖር ይችላል። ያንቺ ጉዳይ ግን እዚያ ውስጥ አይገባም። የተማርሽው ሙያና የወረዳ ሥራሽ ሌላ በር ይከፍቱልሻል። ወደዚያ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ኤጀንሲውን እንጨርስ። «የቪዛ ዋስትና» የሚባል ነገር የለም። ቪዛ የሚሰጠውም የሚከለክለውም ቆንስላው ነው። ኤጀንሲ ፎርም ሊሞላልሽ፣ ቀጠሮ ሊይዝልሽ፣ ወረቀት ሊያስተረጉምልሽ ይችላል። ይህ ሥራ ነው፤ ዋጋም አለው። ውሳኔው ውስጥ ግን እጁ አይገባም። ይገባል ካለሽ ወይ ውሸቱን ነው፣ ወይ የተጭበረበረ ወረቀት ሊያስገባልሽ አስቧል። ሁለተኛው ይብሳል። ማመልከቻው ላይ የሚፈረመው ያንቺ ስም እንጂ የእሱ አይደለም። ሐሰተኛ የባንክ ስቴትመንት የተገኘበትን አመልካች ካናዳ ለ5 ዓመት ታግዳለች። እንግሊዝ እስከ 10 ዓመት ትሄዳለች። በአሜሪካ ሕግ ደግሞ እገዳው ዕድሜ ልክ ነው። ደላላው በማግስቱ ሌላ ደንበኛ ያገኛል፤ አንቺ ግን መዝገብ ውስጥ ገብተሽ ትቀሪያለሽ።

ቆጵሮስ ሲሉሽ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ፦ «አውሮፕላኑ የሚያርፈው የት ነው?» ላርናካ ወይም ፓፎስ ካሉሽ የአውሮፓ ኅብረት አባል የሆነችው የቆጵሮስ ሪፐብሊክ ናት። ኤርጃን ካሉሽ ግን ሰሜኑ ነው። ደሴቲቱ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁለት ተከፍላለች። የሰሜኑን አስተዳደር እንደ አገር የምትቀበለው ቱርክ ብቻ ናት፤ በአየር የሚገባውም በቱርክ በኩል ነው። እዚያ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ በትክክል የሚያስተምሩም አሉበት። «ከዚያ ወደ አውሮፓ ትሻገሪያለሽ» የሚለው ግን ተስፋ መሸጥ ነው። ያለ ፈቃድ ወደ ደቡቡ መሻገር ሕገወጥ ነው፣ ያስይዛል። «የ50 በመቶ ስኮላርሺፕ አለሽ» የሚሉሽም ቢሆን ሌላውን 50 በመቶ በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ ክፈዪ ማለት ነው። 250 ሺው ለኤጀንሲው ነው። ኪራዩ፣ ምግቡ፣ የሁለተኛው ዓመት ክፍያ ከየት ይመጣል? ቤቱ እንደሆነ አንዴ ተሽጧል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «በርካሽ መማር» ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው የትምህርት ክፍያውን ነው። ቆንስላው የሚጠይቅሽ ግን ሌላ ነው፦ እስክትጨርሺ ድረስ በምን ትኖሪያለሽ? ስለዚህ ሁለት ዓይነት ገንዘብ አለ። አንዱ የሚከፈል ነው፣ ሌላው የሚታይ። ብዙ ልጆች የሚከፈለው ዜሮ የሆነበትን አገር ይመርጡና የሚታየው ላይ ሲደርሱ ይወድቃሉ። አድሚሽን በእጃቸው ይዘው ዓመቱ ያልፍባቸዋል።

ጀርመንን እንይ። የአክስትሽ ልጅ አልዋሸም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቹ በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። በየሴሚስተሩ የምትከፍዪው መዋጮ አለ፤ እንደ ቦታው ከ100 እስከ 400 ዩሮ ገደማ ይሆናል። ብዙ ቦታ የከተማ ትራንስፖርትም በዚያው ይታሰባል። ሁሉም ቦታ ግን እንዲህ አይደለም። ባደን ቩርተምበርግ የሚባለው ክልል ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣን ተማሪ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ሃይደልበርግና ፍራይቡርግ እዚያ ናቸው። ሆሄንሃይምም እዚያው ነው፤ በግብርና ስሙ የገነነ ስለሆነ ያንቺ ሙያ ሰዎች አስቀድመው የሚያዩት እሱን ነው። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም በቅርቡ ማስከፈል ጀምሯል። «ጀርመን ነፃ ነው» ብሎ በጅምላ ማመን አያዋጣም፤ ኮርሱን በስሙ ፈልገሽ ገጹን አንብቢ።

ቪዛው ጋ ስትደርሺ የታገደ የባንክ ሂሳብ ይመጣል። ብሎክድ አካውንት የሚሉት ነው። እዚያ በዓመት 11,904 ዩሮ ማስገባት አለብሽ። ክፍያ አይደለም፤ ገንዘቡ ያንቺው ነው። ጀርመን ከገባሽ በኋላ በየወሩ 992 ዩሮ እየተለቀቀ ትኖሪበታለሽ። ችግሩ ቪዛው ሳይሰጥ ሙሉው መግባት አለበት። ዩሮውን በ150 ብር ብናሰላው እንኳ 1,785,600 ብር ነው። ምንዛሪው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብሩ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። የዛሬውን ዋጋ ከባንክ ሰሌዳ አይተሽ ራስሽ አባዢው። ብሩ ቢኖርሽ እንኳ በሕጋዊ መንገድ ወደ ዩሮ አስለውጦ መላክ ሌላ ደጅ መጥናት ነው።

«እዚያ እየሠራሁ እከፍላለሁ» የሚሉ አሉ። ተማሪ መሥራት ይችላል፤ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ይፈቀዳል። ነገር ግን ገና ያላገኘሽው ደመወዝ ለቆንስላው ላም አለኝ በሰማይ ነው። አይቆጥረውም።

የአክስትሽ ልጅ የሚጠቅምሽ እዚህ ላይ ነው፤ በምክር ሳይሆን በፊርማ። ጀርመን የሚኖር ሰው በከተማው ወዳለው የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄዶ «ወጪዋን እኔ እሸፍናለሁ» ብሎ የሚፈርመው የግዴታ ሰነድ አለ። የቢሮው ክፍያ 29 ዩሮ ነው። ሰነዱ የታገደውን ሂሳብ ሊተካ ይችላል። ግን የደመወዙን ወረቀት ያገላብጣሉ፣ የሚያስተዳድረው ቤተሰብ ካለም ያሰላሉ። ግዴታውም ቀልድ አይደለም። አንቺ እዚያ ከመንግሥት ድጎማ ብትወስጂ ገንዘቡ ከእሱ ይጠየቃል። «ፈርምልኝ» ከማለትሽ በፊት ይህን በግልጽ ንገሪው። ዘመድና ዘመድ የሚቀያየመው እንዲህ ያለውን ነገር በጊዜው ሳይነጋገር ሲቀር ነው።

ባይፈርምም አልፈርድበትም። የእኔ ምክር መጀመሪያውኑ በስኮላርሺፕ ሂጂ ነው። ስኮላርሺፕ ስል የክፍያ ቅናሽ ማለቴ አይደለም። ዛሬ ቴሌግራም ላይ የ20 በመቶ ቅናሹም «ፉሊ ፈንድድ» ተብሎ ይለጠፋል። እኔ የምለው የኑሮ ወጪሽን የሚሸፍነውን ነው። ምክንያቱም የዚያ ዓይነቱ የስኮላርሺፕ ደብዳቤ ቆንስላው ጋ የሚታየውን ገንዘብ ይተካል። ሚሊዮን ከምናምን ብሩን አንድ ወረቀት ተካው ማለት ነው።

ላንቺ ደግሞ የተሰፋ የሚመስል አለ። የጀርመኑ የልውውጥ ድርጅት ዳአድ፣ ኢፖስ በሚባለው ፕሮግራሙ ከታዳጊ አገሮች የሚመጡ ባለሙያዎችን ማስተርስ ያስተምራል። ግብርና፣ ደን፣ ውሃ፣ የሕዝብ ጤና፣ ኢኮኖሚክስ አሉበት። ቢያንስ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ዲግሪሽ ደግሞ በመርሕ ደረጃ ከ6 ዓመት በላይ የቆየ መሆን የለበትም። አንቺ ሁለቱንም ታሟያለሽ፤ ግን የ6 ዓመቱ ሰዓት እየቆጠረ ነው። በወር 992 ዩሮ፣ የጤና መድንና የጉዞ ድጎማ ይሰጣል። ከጀርመን የመንግሥት ገንዘብ ስኮላርሺፕ ያገኘ ሰው 75 ዩሮ የቪዛ ክፍያውም ይቀርለታል። ማመልከቻውን የምትልኪው በቀጥታ ኮርሱን ለሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ነው። የበርካቶቹ ማብቂያ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ስለሚውል ክረምቱን ዝግጅት ላይ አሳልፊው።

ወረዳ ላይ መሥራትሽ ዝቅ ያለ ነገር መስሎሽ ይሆናል። ብዙ ልጆች ሲቪያቸው ላይ በአንድ መስመር ያልፉታል። ለኢፖስ ግን ዋናው ካርድሽ እሱ ነው። ከኃላፊሽ የምታጽፊው ደብዳቤ «ሠራተኛችን ናት፣ ፀባይዋ መልካም ነው» ብሎ እንዳይዘጋ። ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን የሥራ መደብ፣ በየትኞቹ ቀበሌዎች፣ ምን እንደሠራሽ ይዘርዝር። ማኅተምና የፕሮቶኮል ቁጥር ይኑረው።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። ኢራስመስ ሙንዱስ ቢያንስ በሁለት አገር እየተዘዋወሩ የሚማሩበት የአውሮፓ ማስተርስ ነው፤ የትምህርት ክፍያውን ችሎ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል። ፉክክሩ ከባድ ነው፣ ግን የሚጠፋብሽ ነገር የለም። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ በየዓመቱ ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 አካባቢ ይከፈታል፤ ዶርም፣ ትኬት፣ የጤና መድንና የኪስ ገንዘብ አለው። ለማስተርስ ዕድሜሽ ከ30 በታች መሆን አለበት። ማመልከቻው በነፃ ነው፤ «የቱርክ ስኮላርሺፕ ፎርም ማስገቢያ» ብሎ ብር የሚጠይቅሽን እለፊው። የሃንጋሪው ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም በእኛ ትምህርት ሚኒስቴር ዕጩነት ያልፋል። በግሌ ላንቺ አላስቀድመውም። ለማስተርስ ተማሪ የሚሰጠው 43,700 ፎሪንት ቡዳፔስት ላይ ወር አያደርስም፤ ከቤት ይታከልበታል። የቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ ዶርሙንም የወር ገንዘቡንም ይሸፍናል። የእንግሊዙ ቼቭኒንግ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ያ ደግሞ አለሽ።

እንግሊዝንና ካናዳን በራስሽ ወጪ አታስቢያቸው። እንግሊዝ የጤና ክፍያው ብቻ ለተማሪ በዓመት 776 ፓውንድ ነው። ካናዳ ከመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ ሰው መኖሪያ 22,895 የካናዳ ዶላር ማሳየት ትጠይቃለች፤ የትምህርት ክፍያው ሳይቆጠር። አሜሪካ ለማስተርስ ውድ ናት። ፒኤችዲ ላይ ግን ዩኒቨርሲቲው ራሱ እያስተማረ የሚከፍልበት አሠራር ስላለ ወደፊት ተመለሺባት።

ጣሊያን ላይ ትንሽ ልቆይ። የጣሊያን ክልሎች ከውጭ ለሚመጣ ተማሪም በቤተሰብ ገቢ ላይ የተመሠረተ ስኮላርሺፕ አላቸው። ከክፍያ ነፃ ያደርጋል፤ ዶርምና ምግብ የሚጨምሩም አሉ። ውጤት ሳይሆን ገቢ ነው የሚታየው። የአጋሮ ቡና አምራች ቤተሰብ ገቢ ከጣሪያቸው እጅግ በታች ነው። እንግዲህ ብዙ ልጆች «ጣሊያን ነፃ ነው» የሚሉት ይህን ይዘው ነው። ወጥመዱ ጊዜው ላይ ነው። የስኮላርሺፑ ውጤት በአብዛኛው የሚታወቀው በመከር ነው፤ የመጀመሪያው ገንዘብ ደግሞ ወራት ቆይቶ ይገባል። ቪዛ የምትጠይቂው ግን በክረምት ነው። ስለዚህ ስኮላርሺፑን ገና ሳታገኚ የራስሽን መኖሪያ ገንዘብ ማሳየት አለብሽ፣ የመጀመሪያዎቹን ወራትም በራስሽ መኖር። በተጨማሪ በመጀመሪያው ዓመት የተወሰነ ክሬዲት ካላለፍሽ የወሰድሽውን መልሺ ሊሉሽ ይችላሉ። ከ11,904 ዩሮ ያነሰ ገንዘብ ያላት፣ ግን ጨርሶ ባዶ እጇን ያልሆነች ልጅ የምትሞክረው መንገድ ነው። ከመረጥሽው የአባትሽን የገቢና የንብረት ማስረጃ ከአሁኑ ማሰባሰብ ጀምሪ። ማስተርጎሙና ማረጋገጡ ጊዜ ይበላል።

ወረቀቶችሽ ላይ ልምጣ። ሰው የሚወድቀው ገንዘብ ላይ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ ስምሽን አጣሪ። ይህ ጣጣ እኛ ጋ ይበዛል። የልደት ሰርተፍኬት ላይ ስም በቁቤ ይጻፋል፣ ስቱደንት ኮፒው ላይ ደግሞ በእንግሊዝኛ ልማድ። ጫልቱ የምትባል ልጅ በቁቤ በ«ሲ» ትጀምራለች፤ ዩኒቨርሲቲው «ሲ ኤች» ብሎ ጽፏታል። የአባቷ ስም ውስጥ «ጥ» ካለ በአንዱ ወረቀት «ኤክስ»፣ በሌላው «ቲ» ሆኖ ይመጣል። ለእኛ አንድ ሰው ናት። ፋይሉን ለሚያየው ሠራተኛ ሁለት ሰው ልትመስል ትችላለች። ፓስፖርት ገና ካላወጣሽ ተመራቂነትሽን የሚያሳየው ወረቀት ላይ ባለው አጻጻፍ አስወጪው። ጅማ የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ ስላለ ለዚህ አዲስ አበባ መመላለስ የለብሽም። አውጥተሽ ከሆነና ልዩነት ካለ ከሬጅስትራር «ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው ናቸው» የሚል ደብዳቤ አጽፊ፣ ወይም ወሳኝ ኩነት ሄደሽ አስተካክዪ። የልደት ቀንሽንም እዚያው ተመልከቺ። ከእኛ ወደ ፈረንጅ ሲቀየር አንዱ ወረቀት 7 ዓመት፣ ሌላው 8 ዓመት ደምሮ ሁለት ልደት ያለው ሰው አይቻለሁ። ኦንላይን ፎርም የቤተሰብ ስም ሲልሽ ደግሞ ፓስፖርትሽ ላይ በዚያ ቦታ የተጻፈውን ብቻ ሙዪ፤ አንዴ የአባት፣ አንዴ የአያት እያልሽ አትቀያይሪ።

ዲግሪሽ። በእጅሽ ያለው ቴምፖራሪና ስቱደንት ኮፒ እንደሆነ እገምታለሁ። ለማመልከቻ ብዙ ቦታ ይሠራል። ኦሪጅናሉንና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን ለመውሰድ ግን የወጪ መጋራቱን መጨረስሽን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቁሻል። ከደመወዝሽ ሲቆረጥ ከነበረ ከገቢዎች ስንት እንደቀረሽ ጠይቂ። ይህን ለመጨረሻ ሳምንት የሚያቆይ ሰው ብዙ ነው። ኦሪጅናሉ ሲወጣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጥ ይከተላል። ቆንስላው ወይም ዩኒቨርሲቲው ካልጠየቀሽ ግን ሁሉንም ወረቀት እያስተረጎምሽና እያስመታሽ ገንዘብ አትጨርሺ። ዝርዝሩን አንብበሽ የተጠየቀውን ብቻ።

እንግሊዝኛ። አይኤልትስ አልወሰድሽ ከሆነ አትደንግጪ፤ ቶሎ ብለሽም አትክፈዪ። ከሬጅስትራር «የማስተማሪያ ቋንቋዋ እንግሊዝኛ ነበር» የሚል ደብዳቤ የሚቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። የስኮላርሺፕ ኮርሶች ግን ብዙዎቹ ፈተናውን ይፈልጋሉ። ኮርሶችሽን መርጠሽ የሚጠይቁትን ነጥብ ካየሽ በኋላ ወስኚ።

የባንክ ስቴትመንት። ስኮላርሺፕሽ ሙሉ ከሆነ ይህን ዝለዪው። በቤተሰብ ገንዘብ የምትሄጂ ከሆነ ግን የቡና ቤተሰብ አንድ ችግር አለበት። የአባትሽ ሂሳብ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ቡና ሲሸጥ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ በአንድ ጊዜ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ይገባል። አገሩን ለማያውቅ የቆንስላ ሠራተኛ ይህ ለቪዛ ሲባል የተበደሩት ገንዘብ ይመስላል። ስለዚህ እንዲሁ በደረቁ አታስገቢው። የኅብረት ሥራ ማኅበሩን ወይም የገዢውን ደረሰኝ፣ ከተቻለ የሁለት ዓመት ስቴትመንትና አንድ አጭር ማብራሪያ አያይዢ፦ ቡና በዓመት አንዴ ነው የሚለቀመው፣ ገቢያችን በእነዚህ ወራት ነው የሚገባው፣ ያለፈው ዓመትም እንዲሁ ነበር። ሁለት ዓመት ተመሳሳይ ቅርጽ ካዩ ይገባቸዋል። ከጎረቤት ተበድሮ ለሳምንት ማስገባት ግን ይታወቃል፤ እሱን ተይው።

አሁን የሞቲቬሽን ደብዳቤው። ከጅማ ልጆች የማነበው አብዛኛው እንዲህ ይጀምራል፦ «ከልጅነቴ ጀምሮ ለግብርና ከፍተኛ ፍቅር ነበረኝ። ጀርመን በትምህርት ጥራቷ በዓለም የታወቀች አገር ናት።» ይህ ስለ አንቺ ምንም አይነግርም። ስምሽን አውጥቶ የሌላ ሰው ቢያስገቡበት ልክ ይሆናል። ይልቅ ያለሽበትን ጻፊ። የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን የገባው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች መረጠ፤ 74110ና 74112 የሚባሉት ቁጥራቸውን ያገኙት ከተመረጡበት ከ1974 እ.ኤ.አ. ነው። አንቺ በየቀኑ የምታገኚያቸው ገበሬዎች ከእነዚህ የቱን ተከሉ? ለምን አንዱን ትተው ሌላውን ወደዱ? አንቺ ሄደሽ ያየሽው ማሳ ላይ ምን ነበር? የማታውቂው፣ ለመማር የምትፈልጊውስ የቱ ላይ ነው? ከዚያ የኮርሱን ዝርዝር ከፍተሽ ያንን የሚያስተምረውን ክፍል በስሙ ጥቀሺ። ሁለት ገጽ ይበቃሻል። ቃላት ማሳመር አያስፈልግም። ይህን ደብዳቤ በሰው አያስጽፉትም፤ በኮምፒውተርም አያስጽፉትም። አንቺ ያየሽውን ማሳ ማንም አላየውም።

ይኸው ደብዳቤ ቪዛው ላይም ይሠራልሻል። የቆንስላ ጥያቄ ምሥጢር የለውም፦ ለምን ይህን ኮርስ? ለምን እዚያ? ማን ይከፍላል? ስትጨርሺ ምን ትሠሪያለሽ? «ለምን ጀርመን?» ሲሉሽ «ነፃ ስለሆነ» አትበዪ፤ «ዘመድ ስላለኝ» ደግሞ ከሱ ይብሳል። ዘመድ እንዳለሽ ከጠየቁሽ ግን አትደብቂ፣ እንዳለ ንገሪያቸው። ሸምድደሽ አትሂጂ። ፋይልሽ ውስጥ የጻፍሽውን በራስሽ አፍ መናገር ከቻልሽ በቂ ነው። አንዱን ወረቀት ኤጀንሲ፣ ሌላውን ጓደኛ ሲጽፉለት ነው ሰው ፊት ለፊት የሚንተባተበው።

የጀርመን የረጅም ጊዜ ቪዛ ማመልከቻ ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኦንላይን ፖርታል ይገባል። ፋይሉ መጀመሪያ በኦንላይን ይታያል፣ ከዚያ አዲስ አበባ ለአሻራና ለኦሪጅናል ወረቀት ትሄጃለሽ። ቀጠሮ ሊዘገይ ስለሚችል አድሚሽኑ እንደደረሰሽ በዚያው ሳምንት አስገቢ። ከተከለከልሽ ድሮ ለኤምባሲው የቅሬታ ደብዳቤ ይጻፍ ነበር፤ ከሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ይህ አሠራር ቀርቷል። አሁን ያለው ምክንያቱን አስተካክሎ እንደገና ማመልከት ወይም በርሊን ፍርድ ቤት መክሰስ ነው። ፍርድ ቤቱ ለተማሪ አቅም ብዙም አይመከርም። ስለዚህ መጀመሪያ የምታስገቢው ፋይል የተሟላ ይሁን፤ «የጎደለውን በኋላ እጨምራለሁ» አይሠራም።

ለምክር ሰው ካስፈለገሽ ዋናው ግቢና እርሻ ኮሌጅ ውስጥ ከአውሮፓ የተመለሱ መምህራን ሞልተዋል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከቤልጂየም ፍላንደርስ ዩኒቨርሲቲዎችና ከሙኒኩ ሉድቪግ ማክሲሚሊያንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ለዓመታት ሠርቷል። ያስተማረሽን አንዱን ቡና ጋብዘሽ ጠይቂው። የድጋፍ ደብዳቤም የምትፈልጊው ከእነሱ ስለሆነ የማብቂያው ቀን ሊደርስ ሲል ሳይሆን ቢያንስ ከወር በፊት ሂጂ። ሲቪሽንና የደብዳቤሽን ረቂቅ ይዘሽ ሂጂ፤ ስምሽን ቢያስታውሱም የሠራሽውን አያስታውሱም።

ሥራሽን አትልቀቂ። ቪዛው ፓስፖርትሽ ላይ ሳይለጠፍ መልቀቂያ የሚባል ነገር እንዳትጽፊ። ደመወዙ ያስፈልግሻል፣ ልምዱም በየወሩ ይጨምርልሻል። የስኮላርሺፕ ደብዳቤው ሲመጣ ደግሞ መልቀቂያ ከማስገባትሽ በፊት የሰው ሀብት ክፍሉን ስለ ትምህርት ፈቃድ ጠይቂ። ኤጀንሲውን በተመለከተ፣ ቅድሚያ የከፈልሽው ካለ ደረሰኙን አትጣዪው። ፓስፖርትሽን ወይም ስቱደንት ኮፒሽን ሰጥተሽ ከሆነ ደግሞ ነገ ጠዋት ሄደሽ ተቀበዪያቸው።